በቅቤ ላይ የተለጠፈ መድኃኒት

ይህን የምጽፈው ልጄ ሐያት ስለወተወተችኝ ነው። እሷ ነርስ ናት። «እማ፣ ያንቺ ዓይነት ሕመም ያለባቸው ሴቶች ዛሬም ወባ ነው እየተባሉ ኪኒን ይውጣሉ፤ ጻፊውና ያንብቡት» አለችኝ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከወረቀት ጨርቅ ይቀለኛል። ነገር ማርዘምም አልወድም። ነገሌን ካነሣሁ ግን መርዘሙ አይቀርምና ታገሡኝ።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። እኔና ባለቤቴ ሽኩር ከጉራጌ አገር ወርደን ነገሌ ቦረና ሱቅ ከከፈትን ሰባት ዓመት ገደማ ሆኖናል። እሱ ከውስጥ ስኳር፣ ጨውና ከሞያሌ የሚመጣ ሸቀጥ ይሸጣል፤ እኔ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ እሰፋለሁ። ደንበኞቼ የወታደር ሚስቶች ናቸው። ከጎጃም የመጣች አለች፣ ከወለጋ አለች፣ ከሐረር አለች፤ አንዷ ሰፋ ይበል ስትል ሌላዋ ጠበቅ ይበል ትላለች፤ ሁሉም ግን «ፈቲያ እጇ ልዩ ነው» ይሉኛል። ጠዋት የጦር ሰፈሩ ጡሩምባ ሲነፋ መኪናዬን ዘይት አጠጣለሁ። ቀዩ አቧራ ገና አልተነሣም፣ ጸሐዩ ገና አልከረረም። ያ ሰዓት እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

በዚያ ሰዓት ነው አኮ ዳርሚ የምትመጣው። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የቦረና መንደር በእግሯ መጥታ ወተት ትሸጥልን የነበረች አሮጊት ናት። እዚህ ስጽፍ እሷ እያልኩ ነው፤ ፊት ለፊት ግን አንቱ ብያት ነው የኖርኩት። ከደጅ ሆና «ናጋ?» ትላለች፤ ሰላም ነው ወይ ማለቷ ነው። «ናጋ፣ አኮ» እላለሁ። የወተት ጮጮዋን ታስቀምጥና ወተቱን ትቀዳልኛለች፤ ከዚያ ሳትቀመጥ አትሄድም። የኔ ኦሮምኛ ስብርብር፣ የእሷ አማርኛ ስብርብር፤ ተገጣጥመን አንድ ሙሉ ቋንቋ እንሆናለን።

ሐያት አራት ዓመት የሞላት ሰሞን አንድ ጠዋት ሆዴን ወጋኝና መኪናዬ ሥር ወደቅኩ። ሽኩር ገና መስጊድ ነበር። ያገኘችኝ አኮ ናት። ወተቷን ሜዳ ላይ ጥላ ጎረቤቱን በጩኸት አወጣችው። በጭነት መኪና ጋቢና የወደራን ከተማ አልፈን ላይ አገር ትልቅ ሆስፒታል እስክንደርስ ራሴ ጭኗ ላይ ነበር። ከብቶቿን ለማን እንደተወች እንኳ አልጠየቅኋትም። ወደ ቀዶ ጥገና ሲያስገቡኝ ያየሁት የመጨረሻ ነገር በር ላይ የቆመችውን እሷን ነው።

ስነቃ ሆዴ ተሰፍቷል። አየሁት፤ መቼም ሰፊ አይደለሁ፣ ስፌቱ የሚያምር ስፌት ነው። «እጢ ነበር፣ ወጣ፣ ተርፈሻል» አሉኝ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ተመለስኩ። ሐኪሙ ለሽኩር ለብቻው የነገረውን ነገር ግን አላወቅኩም።

ከተመለስኩ ወር እንኳ ሳይሞላኝ እሳቱ ጀመረኝ። ከደረቴ ይነሣና ወደ አንገቴ፣ ወደ ፊቴ ይወጣል። ላቤ ይንቆረቆራል፤ ወዲያው ደግሞ ይበርደኛል። በቀን አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ ይመጣብኛል። ሌሊት አንሶላው ይጨመቃል። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ።

ቆላ ነው ያለነው። ቆላ ውስጥ ሰው ግሎት፣ አልቦት፣ ከዚያ በርዶት ካያችሁ ምን ትላላችሁ? ወባ ነው። ሽኩርም ወባ አለ፣ ጎረቤትም ወባ አለ፣ መርፌ ወጊውም ወባ አለ። ክሎሮኪን ዋጥኩ። ሰውነቴን አሳከከኝ እንጂ እሳቱ አልበረደም። ደሜ ሲመረመር ምንም የለም፤ «ወባ ይደበቃል» ተባለና ድጋሚ ተሰጠኝ። ቀጥሎ ታይፎይድ ተባልኩ። ቀጥሎ ልብ። አንዱ ደግሞ ከወረቀቱ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ነርቭ ነው» ብሎ የሚያደነዝዝ ኪኒን አዘዘልኝ። በመሀሉ ዓይኔ ቢጫ ሆነና የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ሦስት ሳምንት ተኛሁ።

የሐኪም ቤቱን አግዳሚ እንደ ቤቴ አወቅኩት። አንድ እግሩ አጭር ነበርና ሰው በተነሣ ቁጥር ወደ ግራ ያዘነብላል። አንድ ቀን እዚያው ወረፋ ላይ እሳቱ ተነሣብኝ። አጠገቤ የተቀመጠች ሕፃን ያቀፈች የወታደር ሚስት ምንም ሳትጠይቀኝ የካርዷን ወረቀት አጥፋ ታራግብልኝ ጀመር። ወረፋዋ ደርሶ ስትጠራ «ይለፈኝ» ብላ እስኪበርድልኝ ቆየች። ስሟን አላውቅም። ዛሬም በዱዓዬ አልረሳትም።

ከእሳቱ የባሰብኝ ግን ጸባዬ ነበር። ድሮም ቁጡ ነኝ፣ አልክድም፤ ያን ጊዜ ግን እኔው ራሴን ፈራሁት። በባዶ ሜዳ አለቅሳለሁ። አንድ ቀን ሽኩር «ምሳ የለም ወይ?» ስላለ መቀሱን ወረወርኩበት። አልመታውም፣ ግድግዳው ላይ ተሰካ። ሐያት ከመጋረጃው ኋላ ሆና አየችኝ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ስጠራት ወዲያው አትመጣም፣ መጀመሪያ ፊቴን ታያለች። እጄም ከዳኝ። ለአንዲት የመኮንን ሚስት ቀሚስ እጅጌውን ገልብጬ ሰፋሁትና ሴትየዋ አይታ ዝም አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ይሄኔ የሽኩር አጎት ሐጂ ከድር መጡ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ክፉ ሰው ቢሆኑማ በቀለለኝ። ቁጭ ብለው አዩኝና ለሽኩር «ቆላው አልተስማማትም። ወደ አገሯ ወደ ደጋው ትመለስ፣ እናቷ ዘንድ ትረፍ። ልጅቷ እዚህ ትቆይ፣ ትምህርቷ ይጀመራል። አንተም ቤትህ ባዶ አይሁን» አሉት። የመጨረሻውን ነገር ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እኔ ግን ከጓዳ ሰማሁ። ሽኩር «የጋና ዝናብ ድረስ እንይ» አለ። ጋና ቦረናዎች ትልቁን ዝናብ የሚጠሩበት ስም ነው፤ ከመጋቢት በኋላ ይገባል። ሐጂም «እንግዲያስ ዝናቡ ሲገባ መጥቼ እወስዳታለሁ» ብለው ሄዱ። ያ ቀን የጥር መጨረሻ ነበር። ልጄንና ቤቴን የማጣበት ቀን ተቆረጠ ማለት ነው።

አኮ ዳርሚ የራሷ ሕክምና ነበራት። ቅቤ። ወተቱን ከቀዳች በኋላ በሩን ትዘጋና «ኢንተላ ኮ፣ ነይ» ትለኛለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። ሆዴን፣ ወገቤን፣ ጠባሳዬን በቅቤ ታሸኛለች። እጇ ሸካራ ነው፣ ግን እንዴት እንደሚያሳርፍ አልነግራችሁም። ስትጨርስ መዳፏን ሆዴ ላይ አሳርፋ «ሴኔ?» ትላለች። ገባ ወይ ማለቷ ነው።

«የት ይገባል አኮ፣ ከላይ ነው እንጂ» እላታለሁ።

«ቆዳ በር ነው። ይገባል።»

«ሆድ ያልገባ ነገር ምን ያድናል?» እያልኩ እስቅባታለሁ። እሷም ትስቅና በነጋታው ትመጣለች። በበጋ ቅቤ ከየት እንደምታመጣው አላሰብኩም። ከብቶቹ የከሱበት ወቅት ነው፤ ለራሷ ፀጉር የሚሆን እንኳ አልነበራትም። ይሄን ያወቅኩት በኋላ ነው።

የካቲት ላይ አዲስ ሐኪም መጣች ተባለ። ወጣት ሴት ናት፤ ከኔ ብዙም አትበልጥም። ገብቼ እንደለመድኩት ወባ፣ ታይፎይድ፣ ነርቭ እያልኩ ስደረድርላት እጇን አንሥታ አስቆመችኝና ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ።

«የወር አበባሽን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?»

«ከቀዶ ጥገናው በፊት። ባለቤቴ ሐኪሞቹ ይመለሳል ብለዋል ብሎኛል።»

ጠባሳዬን አየች። «ባለቤትሽ ደጅ ነው? ጥሪው» አለችኝ። ሽኩር ገባ። የሆስፒታሉ ወረቀት የት አለ ስትለው ላብ አጠመቀው። ወደ ሱቅ ሄዶ ከስኳር ጆንያዎቹ ኋላ ከደበቀበት አመጣው። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። አንብባ ስትጨርስ ወደ እሱ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረች።

«ፈቲያ፣ እጢው በሁለቱም በኩል ነበር። ሕይወትሽን ለማትረፍ ማህፀንሽንና ሁለቱንም እንቁልጢዎች አውጥተዋል። እንቁልጢ የሴት እንቁላል የሚቀመጥበት ነው። ሆርሞን የሚባል ነገርም ከዚያ ይመነጫል፤ እሱ ነው የሰውነትሽን ሙቀት፣ እንቅልፍሽን፣ ጸባይሽን የሚያስተካክለው። በሃምሳ ዓመትሽ ቀስ እያለ የሚመጣው ማረጥ አንቺ ላይ በሃያ ሰባትሽ በአንድ ቀን መጣብሽ። ወባ አይደለም። እብደትም አይደለም።»

ከሁሉ ቀድሞ የተሰማኝ እፎይታ ነው፤ እብድ አይደለሁም። ከዚያ ቀጥሎ ገባኝ። ሁለተኛ አልወልድም። ሽኩርን ዞሬ አየሁት።

«ታውቅ ነበር?»

«እንደማትወልጂ ነግረውኛል። እሳቱ ከዚያ እንደሚመጣ ግን ወላሂ አላወቅኩም። ሲሻልሽ እነግርሻለሁ ብዬ ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። የኔን በሽታ ግን የደበቀልኝ ባሌ ነው፤ ያውም በፍቅር። ስምንት ወር ሙሉ ኪኒን እያመጣ፣ ግንባሬን በጨርቅ እየጠረገ። ልጮህበት አፌን ከፈትኩና እሱ ልጅ መስሎ ሲያለቅስ አየሁት። አንጀቴን በላው። እዚያ ሐኪሟ ፊት ሁለታችንም ተላቀስን። እሷ ወደ መስኮት ዞራ ጠበቀችን።

የሚዋጥ ሆርሞን አለ አለችን። «ግን ጉበትሽ ገና ታሟል። የሚዋጥ መድኃኒት ሁሉ መጀመሪያ ጉበት ዘንድ ነው የሚያልፈው። በቆዳ የሚገባ አዲስ ነገር መጥቷል፤ ፕላስተር ነው። ከቆዳ ቀጥታ ወደ ደም ይገባል፣ ጉበትን አያስቸግርም። እዚህ የለም። ናይሮቢ ይገኛል ይባላል።»

«ዶክተር፣ ቆዳ ላይ ተለጥፎ?» አልኳት። ሳላስበው አኮን ስመልስላት የኖርኩትን ነው የደገምኩት።

ሽኩር የሚወደውን ቴፕ ሸጠ። ጋሽ ተካ የሚባል በሜጋ በኩል ሞያሌ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ማዘዣውን ይዞ ሄደና ወዲያ ማዶ ላለ ወዳጁ ሰጠልን። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመለሰ። መድኃኒቱ እንዳይሞቅበት ባዶ ፔርሙስ ውስጥ ከቶ ነው ያመጣው። ሁለት ፓኮ ነው፣ እያንዳንዱ ስምንት ፕላስተር። ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሞላላ፣ መሀሉ ውሃ ነገር ያቆረ። በሳምንት ሁለት ጊዜ እምብርት ሥር ወይም ዳሌ ላይ ይቀየራል። እኔ ሰኞና ሐሙስን መረጥኩ፤ ሽኩር የሚጾምባቸው ቀናት ስለሆኑ አይረሱኝም። «አንድ ወር ተጠቀሚና ነይ» አለችኝ ሐኪሟ። ዝናቡ ሊገባ ሁለት ወር ግድም ቀርቶታል።

የመጀመሪያው ፕላስተር በዚያው ቀን ተላቀቀ። ቀሚሴ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ሁለተኛውም ተላቀቀ። ያቺ እንደ ወርቅ የተጠበቀች ነገር እየወደቀች አንጀቴ አረረ። ሐኪሟ ዘንድ ሄጄ «አይጣበቅም» ብላት በቃሽ የምትለኝ መሰለኝ፤ መድኃኒቱ አልተስማማሽም ብትልስ? ካለመጠየቅ ደጅ አዝማችነት ይቀራል የሚባለው ለእኔ ነው። ሰፊ ነኝ አይደል፣ የራሴን መላ መታሁ። ከአቡጀዴ ስፋቱ አንድ ስንዝር የሆነ መቀነት ቆረጥኩ፣ ጠርዙን ዘመዘምኩ፣ ከኋላ አራት ቁልፍ አደረግኩለት። ፕላስተሩን ለጥፌ በላዩ ላይ ጥብቅ አድርጌ ቆለፍኩት። ከዚያ በኋላ አንድም አልወደቀም። በሙያዬ ኮራሁ።

እሳቱ ግን እንዳለ ነው። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ ሦስት። አኮ ዳርሚ በየጠዋቱ ትመጣለች፤ መቀነቱን እፈታለሁ፣ ፕላስተሩን አንሥቼ አስቀምጣለሁ፣ ቅቤዋን ትቀባኛለች፣ ስትሄድ መልሼ እለጥፋለሁ፣ እቆልፋለሁ። ይኼን ሁሉ ስታደርግ አንዲት ሴት አእምሮዋ የት ነበር ትሉኝ ይሆናል። ሁለቱንም የፈለግኩ ሴት ነበርኩ፤ ሌላ ምን ልበላችሁ። ፓኮው አለቀ። ሐያት ገና ፊቴን እያየች ነው የምትቀርበኝ። ማታ ማታ ልብሶቿን ለየብቻ ማጣጠፍ ጀመርኩ፤ እኔ ስሄድ ሽኩር በቀላሉ እንዲያገኛቸው ብዬ ነው።

ወሩ ሲሞላ ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ። «ለውጥ የለም» ስላት ግንባሯን ቋጠረች። «እስቲ የለጠፍሽበትን ልየው።» ቁልፎቹን ፈታሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መቀነት ነው ዶክተር። እኔ ነኝ የሰፋሁት፤ እንዳይወድቅ።»

ፕላስተሩን በጣቷ ነካችው። ተንሸራተተ። ጣቷን አሸተተችና ቀና ብላ አየችኝ። «ፈቲያ፣ ይሄ ቅቤ ነው?»

«አዎ። ለጠባሳው...»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ነው የሳቀችው። እኔ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ እኔም ሳቄ መጣ። ከስንት ወር በኋላ መሳቄ ነው። ሳቋ ሲያልፍላት ግን ኮስተር አለች። «ወር ሙሉ ቅቤውን ነው ስታክሚ የከረምሽው። መድኃኒቱ ከቆዳሽ ጋር አልተገናኘም። በሳሙና ታጠቢ፣ ይድረቅ፣ ቆዳው ላይ ቅባት የሚባል ነገር አይኑር፣ በመዳፍሽ ተጭነሽ ያዢው። አንዴ ከለጠፍሽው አታንሺው። ፀጉርሽን፣ እግርሽን ተቀቢ፤ ከወገብሽ እስከ ሆድሽ ግን ቅቤ አይድረስ።» ሁለተኛው ፓኮ ብቻ ነው የቀረኝ። አራት ሳምንት።

ለሐኪሟ እሺ ማለቱ ቀላል ነው፤ ለአኮ ምን ልበል? የቦረና እናት ቅቤ ስትቀባ ምርቃቷን ነው የምትቀባው። ቅቤሽ አይንካኝ ማለት ምርቃትሽ አይንካኝ ማለት ነው። ያውም ጭኗ ላይ ተኝቼ ከሞት ለተረፍኩባት ሴት። እኔ ደግሞ መቀስ ወርዋሪዋ፣ ለማንም የማልመለሰው ሴት፣ እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። በነጋታው ስትመጣ የተኛሁ መስዬ ዝም አልኩ። በሁለተኛው ቀን ሽኩር «ታማለች» አላት። በሦስተኛው ቀን በር ላይ ቆማ «ናጋ?» አለች፤ እኔ ከውስጥ ትንፋሼን ይዤ ዝም። ብዙ ቆመች። ወተቱን ደፍ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ከዚያ በኋላ አራት ቀን አልመጣችም።

በአምስተኛው ቀን ሐያትን ለሽኩር ትቼ በእግሬ ወደ መንደሯ ሄድኩ። ሜዳው ደርቋል፣ ግራሩ ብቻ ነው የቆመው። መንገድ ላይ ሁለቴ እሳቱ ይዞኝ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። አኮ ከጎጆዋ ደጃፍ ጮጮዋን በጭስ እያጠነች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ሥራዋን ቀጠለች።

«ናጋ አኮ?»

«ናጋ።» ብቻ።

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ቅቤዎን ጠልቼ አይደለም» አልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ማህፀኔ፣ ስለ ሐጂ ከድር ቀጠሮ፣ ስለ ፕላስተሩ፣ ስለ መቀነቱ። በስብርባሪ ቋንቋችን ብዙ ጊዜ ወሰደ። «ወር ሙሉ የተለጠፈው በቅቤው ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ሆዴ ላይ ቅቤ ካረፈ መድኃኒቱ አይሠራም። ዝናቡ ሲገባ ይወስዱኛል፣ ሐያትን ትቼ እሄዳለሁ» አልኩ።

አኮ ጮጮውን አስቀመጠች። «መድኃኒት አይዋጥም?»

«አይዋጥም።»

«መርፌም የለም?»

«የለም። ቆዳ ላይ ነው። በቆዳ ይገባል።»

ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የምታለቅስ መስሎኝ እጇን ያዝኩ፤ ለካ እየሳቀች ነው። «እኔ ምን አልኩሽ?» አለች። «ዓመት ሙሉ ምን አልኩሽ ፈቲያ? ቆዳ በር ነው አልኩ። አንቺ ከላይ ነው፣ ከላይ ነው። ነጭ ሰው ሲለው ይገባል፣ ዳርሚ ስትለው አይገባም?» ጎረቤቶቿን ጠርታ በኦሮምኛ ነገሯን ደገመችላቸውና መንደሩ ሁሉ ሳቀብኝ። ይሳቁብኝ፣ ደስ አለኝ።

ስነሣ ክንዴን ያዘችኝ። «በር አንድ ነው» አለች። «ሁለት እንግዳ አንዴ አይገባም። የኔ ይቆይ፣ የሱ ይግባ።»

በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ወተቷን ይዛ መጣች። ለእጇ ሳሙና ጠየቀችኝ። የላም እጅ ነው፣ የቅቤ እጅ ነው፤ ሦስት ጊዜ አሽታ ታጠበችና ራሷ አሸተተችው። እኔ ታጥቤ፣ ደርቄ፣ ፕላስተሩን ለጠፍኩ። እሷ መዳፏን ደረበችበትና ተጭና በኦሮምኛ መረቀችኝ። ምርቃቱን ስትጨርስ «ሴኔ?» አለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ «ገባ፣ አኮ» አልኳት።

ሰኞና ሐሙስ አንድ ቀን አልቀረችም። በሁለተኛው ሳምንት ላቡ ቀነሰ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ስነሣ አንሶላው ደረቅ ነው። በእጄ ደጋግሜ ዳሰስኩት። ጡሩምባው ሲነፋ ሰማሁ፤ ለካ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቻለሁ። ሽኩርን ቀስቅሼ «ንካው» አልኩት። ነካውና አንሶላውን ፊቱ ላይ አድርጎ ተኛ። ያን ቀን የመኮንኑን ሚስት ቀሚስ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁላት። ሐያት መጥታ ከመኪናዬ ሥር የወደቁትን ጨርቆች ስትለቅም ቀና ብላ ፊቴን አላየችም። እኔ ግን አየሁ፣ እንዳላየች። ከዚህ በላይ የሚያስደስት ነገር በዕድሜዬ አልገጠመኝም።

ጋና ገባ። ነገሌ ዝናብ ሲጥል ያ አቧራ የሚሸተውን ሽታ ያላሸተተ ሰው አይገባውም። ሐጂ ከድር ቃላቸውን አክብረው በጭቃ መጡ። በረንዳው ላይ ቆመው ስሰፋ አዩኝ። ሰላምታ ሰጥቼ፣ ወንበር አቅርቤ፣ የኮታቸውን የተቀደደ ኪስ እያወራን ሰፋሁላቸው። እጄን ነበር የሚያዩት። ጨርሼ ስሰጣቸው ኪሱን ገልብጠው መረመሩና «ሽኩር፣ ምሳ የለም ወይ?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸው ለምን እንደሳቅን አላወቁም። ስለ ደጋ ያነሣ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ተካ በፔርሙሱ እያመላለሰልኝ ሦስት ዓመት ኖርኩ። ደርግ ሲወድቅ የጦር ሰፈሩ ተበተነ፣ ደንበኞቼ ሕፃናቶቻቸውን አዝለው በየአገራቸው ሄዱ፣ መንገዱም ተዘጋ። ፕላስተሩ አለቀ። ጉበቴ ድኖ ስለነበር ወደሚዋጠው ዞርኩ፤ ደህና ነኝ። ለእናንተ የምለው ይሄን ነው፦ ሐኪም የሰጣችሁን ወረቀት ከስኳር ጆንያ ኋላ አትደብቁ። መድኃኒቱ አልሠራ ካለ መቀነት ከመስፋታችሁ በፊት ጠይቁ። የሚወዷችሁንም ሰዎች በር ዘግታችሁ አታስቀምጧቸው፣ ንገሯቸው።

አኮ ዳርሚ በዚያው ዓመት ታመመች። እርጅና ነበር። ወተትም ውሃም ከጉሮሮዋ አልወርድ አለ። ሐያትን ይዤ ሄድኩ፤ ከገበያ የገዛሁትን ቅቤ ይዣለሁ። ቆዳዋ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ልብሷን ገልጬ ጀርባዋን፣ ወገቧን፣ እጆቿን ቀባኋት፤ ልክ እንደምታሸኝ፣ ቀስ እያልኩ። ዓይኗን ጨፍናለች። ስጨርስ መዳፌን ጀርባዋ ላይ አሳርፌ «ሴኔ፣ አኮ?» አልኳት።

ቆይታ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ሴኔ» አለችኝ።